አልሞቅ ያለው አዲስ መኪና

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመኪናችሁን የሙቀት መርፌ ለመጨረሻ ጊዜ ልብ ብላችሁ ያያችኋት መቼ ነው? አብዛኞቻችሁ “ሞተሩ የጋለ ቀን ነዋ!” እንደምትሉ እገምታለሁ። እውነታችሁን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የመንገድ ጭንቀት የሚግል ሞተር ነው። አቀበት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ በእንፋሎት ተከብቦ፣ ጀሪካን ይዞ ውኃ የሚለምን ሹፌር ያላየ መንገደኛ የለም።

ሞተሩ ስለቀዘቀዘበት መንገድ ዳር የቆመ ሰውስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የቀዘቀዘ ሞተር መንገድ ላይ አያስቀርም፤ የሚያስደነግጥ ነገርም አያሳይም። ሥራውን እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ኪስንም ራሱንም እየበላ ይቀጥላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህኛው ዝምተኛ ችግር ነው።

መካኒክ አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የምሠራውም በአንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ሞተር ሙቀት የማውቀውን ያወቅኩት ቤተሰቤ አዲስ የጭነት መኪና ከገዛና ብርዱ ከገባ በኋላ ነው።

የቤታችን ካርታ

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ነበር። ሁለቱ ተመካክረው አምስት ቶን የሚጭን አዲስ የናፍታ መኪና ለመግዛት ወሰኑ። አባቴ ያጠራቀመውን፣ እናቴ የእቁቧን፣ እኔም ከደመወዜ የቆጠብኩትን አዋጣን፤ የቀረውን ከባንክ ተበደርን። መያዣው ወላጆቼ የሚኖሩበት ቤት ነው። እናቴ የቤቱን ካርታ ከሳጥኗ አውጥታ ስትሰጥ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ፎቶ ኮፒውን ግን ለራሷ አስቀረች።

መኪናውን መስከረም ላይ ተረከብን። ወንድሜ ይነዳል፣ አባቴ አጠገቡ ይቀመጣል። ከመርካቶ ሸቀጥ ጭነው ደብረ ብርሃን ያደርሳሉ፤ ሲመለሱ ድንች ወይም እህል ይጭናሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ብርዷንም ታውቃላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የእኛዎቹ ደግሞ የሚነሡት ሌሊት 11 ሰዓት ነው።

ኅዳር እንደገባ አባቴ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰንዳፋን አልፈው፣ አለልቱን አልፈው፣ ሸኖ ሲደርሱ የሙቀት መርፌዋ ገና ሩብ ላይ ናት። አቀበት ሲወጡ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ቁልቁለት ሲጀምሩ ተመልሳ ትወርዳለች። ማሞቂያው ሲከፈት የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው። የፊት መስታወቱ በጉም እየተሸፈነ አባቴ ጫጫ ድረስ በጨርቅ ሲጠርግ ይሄዳል።

“አባዬ፣ አዲስ መኪና እኮ ነው” አለው ወንድሜ። “ችግር ቢኖር መብራት ይበራ ነበር።”

“መብራቱ የሚበራው ሲግል ነው” አለ አባቴ። “ሲቀዘቅዝ ማን ይነግርሃል?”

“ብርዱ ነው፤ አያስቡ”

መኪናውን ወደ ሸጠልን ድርጅት ጋራዥ ወሰዱት። ቴክኒሺያኑ ኮምፒውተር ሰካበት፤ ምንም የተመዘገበ ብልሽት የለም። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። መኪናው በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ ስለመጣ መርፌዋ መሐል ላይ ቆማለች። “ጋሼ፣ ብርዱ ነው፤ አያስቡ። ሞተሩ ገና አልተፈታታም፤ ሲሠራ ይስተካከላል” ብሎ ሸኛቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱም ያገኙት ይህንኑ መልስ ነው።

በጭነት ተራው ያሉ ሹፌሮች ደግሞ የየራሳቸውን መድኃኒት አዘዙ። አንዱ “ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አድርጉበት” አለ። ሌላው “ቴርሞስታት የሚሉትን ነገር አውጥታችሁ ጣሉት፤ እሱ ለፈረንጅ አገር ነው” አለ። አባቴ ሁለቱንም አልተቀበለም። ካርቶኑ በእርግጥ ያሞቃል። ነገር ግን ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ሞተሩ የሚፈልገውን አየር ይከለክላል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ረስተውት ከሄዱማ የፈሩትን ግለት በገዛ እጃቸው ያመጡታል። “በሽታውን ሳላውቅ ብርድ ልብስ አልደርብለትም” ነበር ያለው። ቴርሞስታቱን ስለማውጣት የተሰጠውን ምክር ግን ጠለቅ ብለን እንየው፤ በከተማችን ከሚሮጡት መኪኖች ብዙዎቹ የደረሰባቸው ይኸው ነውና።

ትንሿ በር

ቴርሞስታት ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ በሚያደርሰው መተላለፊያ ላይ የተገጠመች ትንሽ በር ናት። ውስጧ ሰም አለ። ሞተሩ ሲነሣ በሩ ዝግ ስለሆነ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እየተዘዋወረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፤ በሩን ገፍቶ ይከፍትና ፈሳሹ ራዲያተሩ ጋ ሄዶ እንዲበርድ ያደርጋል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይኮማተራል፣ ስፕሪንጉም በሩን መልሶ ይዘጋዋል። መርፌዋ በጋም ሆነ ክረምት መሐል ላይ የምትቆመው በዚህች በር ምክንያት ነው።

በሩ ተከፍቶ ከቀረ ምን ይሆናል? ፈሳሹ ገና ከመነሻው ራዲያተሩ ጋ እየሄደ የማለዳውን ውርጭ ይዞ ይመለሳል። በከተማ ግርግር፣ በእኩለ ቀን ሙቀት ችግሩ አይታይም። ብርድ ባለበት ሰፊ መንገድ ላይ ግን ሞተሩ ከቶ አይሞቅም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ማለት በሩን ለዘለዓለም ከፍቶ መተው ነው።

ታዲያ መካኒኮቻችን ለምን ያወጡታል? ግለትን ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። በባሕር ወለል ላይ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 92፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ኩላንት በሌለበት፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት በማይዝበት አሮጌ መኪና ላይ ሞተሩ ከሚሠራበት ሙቀት እስከሚፈላበት ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ስለዚህ “በሩን እንንቀለው” ይባላል። ትክክለኛው መፍትሔ ግን ክዳኑን መቀየርና ተገቢውን ኩላንት መሙላት ነው። በሩን መንቀል የግለቱን ችግር ሸፍኖ ሌላ ችግር ይወልዳል።

የዚያን ሌላ ችግር ምንነት ለእኔ ያስረዳችኝ እናቴ ናት። አባቴ እራት ላይ ሲያብራራ ሰምታ፣ “ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ማፍሰስ ነዋ! ዓይን አያወጣ፣ አይነሣ፣ ሊጡም ይባክናል” አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ የሚረጨው ናፍታ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተንጠባጥቦ የሞተር ዘይቱን ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም ዘይቱን ያቀጥነዋል። በቃጠሎው የሚፈጠረው እንፋሎትም ተንኖ ስለማይወጣ ውኃ ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በቀጠነ ዘይት የሚሠራ ብረት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ የሚታየው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው።

ከሚኒሶታ የመጣ ምክር

የቴክኒሺያኑን መልስ ፍጹም ስህተት ነው ለማለት አልችልም። የናፍታ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ሙቀት ስለሚያባክን ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ናፍታ መረጨቱን ስለሚያቆም የሚያሞቀው ነገር የለም። እና ጥያቄያችን “የተለመደው ብርድ እስከ የት ነው? ብልሽቱስ የሚጀምረው ከየት ነው?” የሚል ነበር።

መልሱን የሰጠን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የጭነት መኪና የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ክረምቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ መውረዱ ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው ሌሊት ሞተሩን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቶ ያሳድራል፤ በብርዱ እንዳይረጋም ለክረምት ተብሎ የተዘጋጀ ናፍታ ይቀዳል። አባቴ ደውሎ ሁኔታውን ሲነግረው ሳቀ። “ጋሼ፣ እኔ በዚያ ብርድ ጭነት ይዤ አውራ ጎዳና ላይ ስሄድ መርፌዋ መሐል ነው የምትቆመው። ቀስ ብሎ መሞቅ የብርድ ነው። አንድ ሰዓት ተነድቶ አለመሞቅ ግን የብርድ አይደለም፤ የቴርሞስታት ነው።”

ቀጥሎም አንድ መፈተኛ ነገረን። ሌሊቱን የቆመው ሞተር ሲነሣ፣ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የላይኛው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት፤ በሩ ዝግ ነውና። ገና ከመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ለብ እያለ ከመጣ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። አባቴ በማግስቱ ደብረ ብርሃን አድሮ፣ እጁን ከፋኑ አርቆ ቱቦውን ዳሰሰው። ቱቦው ከሞተሩ እኩል ለብ እያለ መጣ።

የደብተሩ ነገር

የእኔ ሙያ የገባው እዚህ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤታችን የደንበኞችን ቅሬታ ከሚያነቡት ሰዎች አንዷ ነኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ “መኪናው አይሞቅም” የሚል ደንበኛ ያሳዝናል እንጂ ለሥራ የሚሆን ነገር አይሰጥም። “ኅዳር 18፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ40፣ ሸኖ፣ 4 ቶን ጭነት፣ መርፌዋ ሩብ ላይ” የሚል ደንበኛ ግን መልስ ሳያገኝ አይመለስም። ቁጥር ፊት “የተለመደ ነው” ማለት ያስቸግራል።

ለወንድሜ አንድ ደብተር ገዛሁለት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የጭነት መጠን፣ የመርፌዋ አቋም። በየጉዞው አባቴ ዳሽቦርዱን በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ታንኩን በሞሉ ቁጥር የተቀዳውን ሊትርና የተነዳውን ኪሎ ሜትር ይጽፋሉ። በዐሥር ጉዞ አማካይ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 17 ተኩል ሊትር ሆኖ ተገኘ።

የዋስትናውንም ወረቀት ተቀምጬ አነበብኩት። “12 ወር ወይም 20,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ የቀደመው” ይላል። ሁላችንም በልባችን የያዝነው 12 ወሩን ነበር። ነገር ግን በሳምንት 780 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና 20,000ውን የሚሞላው በስድስት ወር ገደማ ነው። “ሲሠራ ይስተካከላል” ብለን ብንጠብቅ ኖሮ መጋቢት ላይ ዋስትናችን ያልቅ ነበር፤ ብድሩ ግን ገና ዓመታት ይቀሩታል። ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሌላ ጋራዥ ያንን ክፍል ከፈታው ዋስትናው ይሰረዛል። ቴርሞስታቱን አውጥተን ብንጥለው ኖሮ የመጠየቅ መብታችንንም አብረን እንጥል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ድምፃችንን ከፍ አላደረግንም። ደብተሩን፣ ፎቶዎቹንና አንድ ገጽ ደብዳቤ ለጋራዡ ኃላፊ ሰጠነው፤ በእኛ ቅጂ ላይም አስፈረምነው። ኃላፊው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠና፣ “መኪናው እዚህ ይደር፤ ጠዋት ከቀዝቃዛው እናስነሣዋለን” አለ። መደረግ የነበረበት ይኸው ነበር። የብርድ ችግር በብርድ ጊዜ ካልታየ አይገኝም።

በማግስቱ ቴርሞስታቱን አወጡት። አንዱ መካኒክ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ድስት ውኃ ውስጥ አድርጎ፣ ቴርሞሜትር አስገብቶ እሳት ላይ ጣደልን። የእኛው ገና በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። አዲሱ ውኃው ከ80 ዲግሪ እስኪያልፍ ድረስ ጥርቅም ብሎ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ተከፈተ። አባቴ እንደ ልጅ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ሲያይ ቆየ። ያለ ክፍያ ቀየሩልን፤ የተቀየረውንም በጽሑፍ ሰጡን። አባቴ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ሲያሸተው የናፍታ ሽታ ስላገኘበት ዘይቱም ከጊዜው በፊት ተቀየረ።

አሁን ለገጣፎን ሳያልፉ መርፌዋ መሐል ትደርሳለች። ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ሆኗል። አንድ ሊትር ተኩል ምን አላት ትሉ ይሆናል። በአንድ ደርሶ መልስ ወደ 4 ሊትር፣ በወር በ12 ጉዞ 47 ሊትር ገደማ፣ በዓመት ከ500 ሊትር በላይ ናፍታ ነው። ይህን ሁሉ የምትበላው የእጅ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ነበረች።

በየቤታችን ላለው መኪና

የጭነት መኪና ላይኖራችሁ ይችላል። ግን በብርዱ ወራት ማለዳ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱበት መኪና ካላችሁ ነገሩ እናንተንም ይነካል። ከአባቴና ከመካኒኮቹ የያዝኳቸውን ላካፍላችሁ።

የመኪናችሁን መርፌ መደበኛ ቦታ እወቁ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች መርፌ የላቸውም፤ በምትኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ያበራሉ። ጥቂት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ወይም ማሞቂያው ከሃያ ደቂቃ ጉዞ በኋላም ቀዝቃዛ የሚነፍስ ከሆነ አስመርምሩ።

ማለዳ ግማሽ ሰዓት አስነሥቶ ማቆም ሞተርን አይጠቅምም፤ በቆመበት የሚሠራ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ መርፌዋ ከፍ እስክትል ሳትጫኑት በዝግታ ንዱ። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታስነሡ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ አትሙሉ። ውኃ ብረት ያዝጋል፤ ከዜሮ በታች ሲሆንም በረዶ ሆኖ ይለጠጥና ሞተር ሊሰነጥቅ ይችላል። ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አልፎ እንኳ አይረጋም፤ የሚፈላውም ከውኃ ዘግይቶ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ አትክፈቱ።

እናቶችና አባቶች፣ ይህችን ደግሞ አስምሩባት። የተረፈ ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ቀለሙ ያማረ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፤ በአብዛኛው የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ግን ኩላሊትን የሚያበላሽ መርዝ ነው። ልጅ ከቀመሰ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

በመጨረሻም፣ አዲስ ነገር ስትገዙ፣ መኪናም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ ዋስትናው በምን እንደሚቆጠር አንብቡ። ያስተዋላችሁትን ቀንና ሰዓት ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ ስትሄዱም በትሕትና፣ ግን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። “የተለመደ ነው” ሲሏችሁ “የተለመደው ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አጭር ጥያቄ ብዙ ታስከፍታለች።

ወንድሜ አሁን ያለ አባቴም ብቻውን ይሄዳል። ደብተሩን አላቋረጠም፤ አሁን ሦስተኛው ላይ ነው። እናቴም ባንክ ያለውን ካርታ የምትረከብበትን ቀን በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ አስጽፋዋለች። ገና አራት ዓመት ከሁለት ወር ይቀራታል።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።